የማሪኮፓን ቀይ ሸክላ በእጅ መሥራት፦ ከአፈሩ እስከ ጥቁሩ ጌጥ

በአሪዞና፣ ከፊኒክስ ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ፣ የሂላና የሶልት ወንዞች ወደሚገናኙበት ወረድ ስትሉ የማሪኮፓ ሰዎችን መንደር ታገኛላችሁ። ራሳቸውን ፒፓሽ ብለው ይጠራሉ። ሸክላቸው ደማቅ ቀይ ነው። ብርሃን ሲያርፍበት ያብረቀርቃል። በቀዩ ላይ በጥቁር የተሳሉ ጥምዝምዞች፣ ደረጃዎችና ሦስት ማዕዘኖች አሉበት። ይህ ሁሉ የሚሠራው ያለ ማሽከርከሪያ፣ በሜዳ እሳት፣ ከሱቅም ቀለም ሳይገዛ ነው።

እዚህ የምንሠራው አንድ ትንሽ ማሰሮ ነው። ቁመቱ 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሁን። ከወዲሁ አንድ ነገር ልበል። የዚህ ሥራ ትልቁ ችሎታ ጭቃው የቱ ደረጃ ላይ እንዳለ ማወቅ ነው። ሳይጠነክር ከመታችሁት ይተኛል። ከደረቀ በኋላ ከመታችሁት ይሰነጠቃል። ለመወልወልም፣ ለማቃጠልም፣ ጥቁሩን ለመቀባትም የየራሱ ሰዓት አለ። ስለዚህ ከልኬት ይልቅ በእጅና በዓይን ስለሚታወቀው ነገር አብዝቼ እናገራለሁ።

መጀመሪያ ስለ ሠሪዎቹ

ማሪኮፓዎች ቀድሞ የኖሩት በኮሎራዶ ወንዝ የታችኛው ክፍል ዳር ነበር። ከኬቻንና ከሞሃቪ ጎረቤቶቻቸው ጋር በነበረው ጦርነት የተነሳ ቀስ በቀስ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሂላ ወንዝ መጡ። እዚያ ከፒማዎች ጋር ተጠጋግተው መኖር ጀመሩ። ፒማዎች ራሳቸውን አኪመል ኦኦዳም ይላሉ፤ የሁለቱ ሕዝቦች ቋንቋ ፈጽሞ አይገናኝም። ቢሆንም በ1857 (እ.ኤ.አ.፣ ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ኬቻኖችና ሞሃቪዎች አንድ ላይ ሆነው ሲመጡባቸው አብረው ተዋግተው አሸነፉ። ዛሬም በሁለት የጋራ ማኅበረሰቦች ውስጥ አብረው ይኖራሉ። አንደኛው የሂላ ወንዝ ማኅበረሰብ ነው። ሁለተኛው ከፊኒክስ በስተምሥራቅ ያለው የሶልት ሪቨር ፒማ ማሪኮፓ ማኅበረሰብ ነው።

ሸክላ የሴቶች ሥራ ነበር። የውሃ እንስራውም፣ ማብሰያውም፣ መመገቢያውም ከእነሱ እጅ ይወጣል። በዚያ በረሃ የበጋ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ይበልጣል። ያልተወለወለው እንስራ ውሃውን በደቃቅ ቀዳዳዎቹ እያላበ ያቀዘቅዘዋል። በኋላ ባቡር መጣ፣ የብረት ድስት መጣ፣ መንገደኛም መጣ። ሸክላው ከጓዳ ወደ ገበያ ወጣ። ለቱሪስት የሚሸጠው ትንንሽ ዕቃ በርካሽ ይሄድ ነበር። ርካሽ ሲሆን ደግሞ ሥራው ይቻኮላል።

ይህን የቀየሩት ራሳቸው ሠሪዎቹ ናቸው። በ1930ዎቹ መጨረሻ ኤልሳቤጥ ሃርት የምትባል የመንግሥት ሠራተኛ ሴቶቹ በማኅበር እንዲደራጁ ረዳች። ሥራው በደንብ ይቃጠል፣ በደንብ ይወልወል፣ ሠሪዋም ስሟን ከታቹ ትጻፍበት ተባለ። የማኅበሩ መሪ አይዳ ሬድበርድ ነበረች። በ1892 ተወለደች፣ በ1971 አረፈች። ስለ ማሪኮፓ ሸክላ ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው የእሷ ስም ነው። አንትሮፖሎጂስቱ ሌስሊ ስፒየር በ1933 ስለ ሕዝቧ ያሳተመውን ጥናት ሲያዘጋጅ አስተርጓሚው እሷ ነበረች። አፈሩን ከምታውቀው ሴት አፍ የሰማው ነገር በመሆኑ ጽሑፉ ዛሬም ይጠቅማል።

ማኅበሩ ብዙ ዕድሜ አላገኘም። ጥራቱ ግን ሳይጠፋ ቆየ። ሜሪ ዋን፣ ሜብል ሰን፣ ቬስታ ብሬድ፣ ባርባራ ጆንሰን የመሳሰሉት ሴቶች ሥራ በሙዚየምና በሰብሳቢዎች እጅ ይገኛል። ዛሬ ወንዶችም ይሠራሉ። በሶልት ሪቨር የሚሠራው ሮን ካርሎስ አንዱ ነው።

ዘዴያቸው በመምቻና በድጋፍ ድንጋይ ማነጽ ይባላል። በዚያው አገር ቀድመው የኖሩት ሆሆካሞችም፣ ፒማዎችም በዚሁ መንገድ ሠርተዋል። ከሰሜን ያሉት ፑዌብሎ የሚባሉት ነባር ሕዝቦች ሸክላ ሠሪዎች ግን ጭቃውን በእጅ እየፋቁና እየለሰኑ ነው የሚያሳድጉት፤ መምቻ አይጠቀሙም። ልዩነቱን ያዙት፣ ሥራው ሁሉ በዚህ ላይ ይቆማል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ብዙ አይደሉም። አፈር፣ የተሰበረ ሸክላ ገል፣ ወንፊት፣ ባልዲ። አንድ የተደፋ ማሰሮ ወይም ጎድጓዳ ሳህን ለታችኛው ክፍል ቅርጽ። ከእጅ መዳፍ ትንሽ ሰፋ ያለ ጠፍጣፋ የእንጨት መምቻ፤ ፊቱ በመጠኑ ወደ ውስጥ የጎበጠ ቢሆን የማሰሮውን ሆድ ይከተላል። በእጅ የሚሞላ ክብ ለስላሳ ድንጋይ፣ ለድጋፍ። አንድ ወይም ሁለት በጣም የለሰለሱ የወንዝ ጠጠሮች፣ ለመወልወያ። ቀይ አፈር ለቅብ። የሜስኪት ዛፍ ቅርፊትና ሙጫ ለጥቁሩ። ደረቅ እንጨት።

የመወልወያውን ጠጠር ስትመርጡ ጉንጫችሁ ላይ አሻሹት። ቆዳችሁ ላይ የሚያዝ ነገር ከተሰማችሁ ጣሉት። አንድ ጫፍ ያለው ጠጠር የሰዓታት ሥራ ይጭራል።

አፈሩ

አሪዞና የምትኖሩ ከሆነ በማኅበረሰቦቹ መሬት ላይ ያለ ፈቃድ አፈር አትቆፍሩ። የእነሱ ነው። ከሸክላ ዕቃ ሱቅ በዝቅተኛ ሙቀት የሚቃጠል ቀይ ወይም ቡናማ አፈር ግዙ። አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ ቀጨኔ ወጣ ብላችሁ ሸክላ ሠሪዎቹን ጠይቁ። የትኛው አፈር እሳት እንደሚችል ያውቃሉ። ዋጋውንም ሳትከራከሩ ክፈሉ።

ከመሬት ያወጣችሁት አፈር ከሆነ ፀሐይ ላይ በደንብ ይድረቅ። ከዚያ ይወቀጥ፣ ይነፋ። ጠጠሩና ሥሩ ይውጣ። ስትወቅጡ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ የአፈር ብናኝ ለሳንባ ክፉ ነው። የፈሰሰውን በመጥረጊያ ከምትጠርጉት በእርጥብ ጨርቅ አንሱት።

አሁን ገሉን ውቀጡ። የተሰበረ፣ አንዴ እሳት ያየ ሸክላ መሆን አለበት። እንደ ደቃቅ አሸዋ እስኪሆን ይወቀጥና ይነፋ። በአራት እጅ አፈር አንድ እጅ የገል ዱቄት ጨምሩ። ገሉ ቀድሞ ስለተቃጠለ አይሸበሸብም። ጭቃው ሲደርቅ ይዞ ያቆመዋል። በእሳት ውስጥም ለእንፋሎቱ መውጫ ይከፍታል። በሜዳ እሳት የሚቃጠል ዕቃ ያለ ገል ወይም ያለ አሸዋ መሥራት ጭቃውን ለፍንዳታ ማዘጋጀት ነው።

ውሃ እያርከፈከፋችሁ አቡኩት። ሊጥ የምታሹትን ያህል እሹት፣ እንዲያውም ከዚያ ይብለጥ። ከዚያ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ቢያንስ ለሁለት ቀን ይደር። ውሃው ሁሉም ጋ እኩል እንዲደርስ ነው።

ለሥራ መድረሱን ለማወቅ የትንሽ ጣታችሁን ያህል ወፍራም ገመድ አድርጋችሁ አድበልብሉት። ሌባ ጣታችሁ ላይ ጠምጥሙት። ካልተሰነጠቀ ደርሷል። ከተሰነጠቀ ወይ ውሃ አንሶታል፣ ወይ ገል በዝቶበታል። መሸብሸቡንም ፈትሹ፦ ጭቃውን ዳምጡና 10 ሳንቲ ሜትር መስመር ጫሩበት፤ ሲደርቅ ለኩት። ከ9 ሳንቲ ሜትር በታች ከወረደ ገል ጨምሩ።

ታችኛው ክፍል

የተደፋውን ማሰሮ በስሱ አመድ ንስንሱበት፣ ጭቃው እንዳይጣበቅ። አንድ ሴንቲ ሜትር የሚወፍር ክብ ጭቃ በላዩ ላይ አልብሱት። በመምቻው በቀስታ እየመታችሁ ከመሐል ወደ ዳር ዝርጉት። ዳሩን በክር ወይም በቢላ አስተካክሉ።

ከዚያ ተዉት። ጥላ ውስጥ ይቀመጥ። ራሱን ችሎ እስኪቆም ጠብቁት። ግን ከመጠን በላይ ከቆየ እየተሸበሸበ የውስጡን ማሰሮ ያንቅና ይሰነጠቃል። በጣት ስትጫኑት አሻራችሁ ይታይ፣ ጣታችሁ ግን አይስመጥ። ያኔ ገልብጡና አውጡት። ዳሩን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑ፣ ቀጥሎ ጭቃ የሚቀጠልበት እሱ ነው።

መምቻውና ድንጋዩ

እዚህ ጋ አትቸኩሉ። የማሪኮፓ ሸክላ ቅጥነቱንና ጥንካሬውን የሚያገኘው ከዚህ ነው።

አውራ ጣት የሚወፍር የጭቃ ገመድ አድበልብሉ። በእርጥቡ ዳር ላይ፣ ከውስጥ በኩል አድርጋችሁ ዙሪያውን አስቀምጡት። በአውራ ጣት ወደ ታች፣ በሌላው ጣት ወደ ላይ እየጫናችሁ መገጣጠሚያው እስኪጠፋ አዋህዱት። በአንድ ጊዜ አንድ ዙር ብቻ ይበቃል።

አሁን ድንጋዩን በግራ እጃችሁ ይዛችሁ ከውስጥ ግድግዳው ላይ አስደግፉት። በቀኝ እጃችሁ በመምቻው ከውጭ፣ ልክ ድንጋዩ ባለበት ቦታ ላይ ምቱ። ሁለቱ እጆች አንድ ላይ ይሄዳሉ። ድንጋዩ አንድ ጣት ወደ ጎን ሲሄድ መምቻውም ይከተለዋል። ግራ እጃችሁ ማየት አይችልም፤ በስሜት ነው የሚሠራው። መምቻው ሲያርፍ መዳፋችሁ ላይ የሚሰማውን ንዝረት አዳምጡ። ግድግዳው ወፍራም ሲሆን ንዝረቱ የታፈነ ነው። ሲቀጥን ምቱ በቀጥታ እጃችሁ ይደርሳል። ድምፁም ይለወጣል፣ ከድፍን ወደ ጥርት ይላል። ትንሽ ከሠራችሁ በኋላ ውፍረቱን በጆሮ መለየት ትጀምራላችሁ።

ምቱ ቀላልና ተከታታይ ይሁን። ኃይል አያስፈልግም። ኃይል ከጨመራችሁ ጭቃው ድንጋዩ ላይ ይጠፈጠፍና መሐሉ ይበሳል። መምቻው ከተጣበቀ ጭቃው ገና እርጥብ ነው፤ ለአጭር ጊዜ ተዉት። ዳሩ ላይ ደቃቅ ስንጥቅ ካያችሁ ደርቋል፤ በእርጥብ ጣት አሽታችሁ በጨርቅ ሸፍኑና ጠብቁ።

ምቱ ጭቃውን ያቀጥነዋል፣ ያቀጠነውን ያህል ወደ ላይና ወደ ጎን ያሳድገዋል። ወደ ውጭ የጎበጠ ሆድ ከፈለጋችሁ ድንጋዩን ከውስጥ ጠበቅ አድርጋችሁ ግፉ። ወደ ውስጥ እንዲሰበሰብ ከፈለጋችሁ ድንጋዩን ላላ አድርጋችሁ ከውጭ አጥብቃችሁ ምቱ። ሁለት ወይም ሦስት ዙር ከጨመራችሁ በኋላ አሳርፉት። የታችኛው ሳይጠነክር የላዩን ብትጭኑበት ሁሉም ይቀመጣል። አንድ ማሰሮ ብቻ ስትሠሩ መጠበቁ ያሰለቻል። ሁለት ወይም ሦስት አንድ ላይ ጀምሩ፣ አንዱ ሲያርፍ ሌላውን ትቀጥላላችሁ።

የመጨረሻው ውፍረት 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ይሁን። ዋናው ነገር ሁሉም ቦታ እኩል መሆኑ ነው። ግማሹ ወፍራም ግማሹ ቀጭን የሆነ ዕቃ የሚደርቀውም የሚሞቀውም እኩል አይደለም፤ ልዩነቱ ካለበት ቦታ ይሰነጠቃል።

ማሪኮፓዎች ረጅም አንገት ያለው ዕቃ ይወዳሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን አፉ ሰፊ የሆነውን ሥሩ። አንገቱ ሲጠብ እጅ ከነድንጋዩ አይገባም። ያኔ ቀጭን ገመድ እየጨመሩ በጣትና በለስላሳ እንጨት ብቻ ነው የሚሠራው። ከባድ ነው። የእነሱን ረጅም አንገት ቀጥ ብሎ፣ ሳይጠመም ስታዩ የሠሪዋን እጅ ማክበር ይገባል።

ማድረቅና መፋቅ

በመጨረሻ ዕቃው ጠንከር ብሎ፣ ግን ገና ሲነካ ቀዝቀዝ ሲል፣ ጎበጥባጣውን በቢላ ጀርባ ወይም በቅል ስባሪ ፋቁ። በእርጥብ ጨርቅ አንዴ አብሱት። ከዚያ ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በማያገኘው ቦታ ይድረቅ። ፀሐይ ላይ አታውጡት። አፉ ቶሎ ስለሚደርቅ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ጨርቅ ጣል አድርጉበት። የደረቀ መሆኑን በቀለሙ ታውቃላችሁ፤ ይነጣል። ጉንጫችሁ ላይ ስታስጠጉት ከቀዘቀዘ ውስጡ ውሃ አለ።

ቀይ ቅብና ውልወላ

ቀዩ የሚመጣው ከብረት ነው። ብረት የበዛበት ቀይ አፈር ወይም ሄማታይት የሚባለው ድንጋይ በደቃቁ ይፈጫል። በውሃ በጥብጡት። ለጥቂት ደቂቃ አቁሙትና ከላይ ያለውን ቀይ ውሃ ወደ ሌላ ዕቃ ቀንሱት። ከታች የቀረውን አሸዋማ ዝቃጭ ጣሉ። ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ድገሙት። ከዚያ ረጋ ሲል ከላይ የሚቀረውን የጠራውን ውሃ አስወግዱ። የቀረው ደቃቅ ቀይ ነገር ቅባችሁ ነው። ጣታችሁን ነክራችሁ ስታወጡ ጥፍራችሁ ጭራሽ ካልታየ ወፍሯል፣ ውሃ ጨምሩ። ወፍራም ቅብ ሲደርቅ ይላጣል።

ሙሉ በሙሉ የደረቀውን ዕቃ በእርጥብ ጨርቅ ጠራርጉት። ቅቡን በለስላሳ ጨርቅ በስሱ ቀቡ። ሲመጥጠው ድገሙ። ሦስት ወይም አራት ስስ ሽፋን ከአንድ ወፍራም ይሻላል።

ውልወላው ላይ ሰዓቱ አጭር ነው። ቅቡ ገና እያበራ ሳለ ጠጠሩን ካሳረፋችሁ ቅቡን ይዞ ይነሳል። ፈጽሞ ከደረቀ ደግሞ ጠጠሩ ይጭራል፣ ድምፁም ይሻክራል። ብርሃኑ ከላዩ ጥፍት ሲል፣ ግን ቀለሙ ገና ደመቅ ያለ ሳለ፣ ያን ጊዜ ጀምሩ። በአንድ ጊዜ መዳፍ የሚያህል ቦታ ብቻ ሥሩ። የቀረው ቦታ ቢደርቅ ቅብ ጨምሮ መመለስ ይቻላል።

ጠጠሩን በቀላሉ፣ በአንድ አቅጣጫ፣ ሳታነሱ ወዲያና ወዲህ አመላልሱት። መጀመሪያ ምንም አይመስልም። ጭረት ጭረት የሆነ መስመር ብቻ ይታያል። ቀጥሎ መስመሮቹ ይገናኛሉ። ከዚያ በድንገት ከጠጠሩ ሥር ብርሃን ይወጣል። የአፈሩ ደቃቅ ቅንጣቶች ተኝተው ስለተደረደሩ ነው። የተወለወለውን በጣታችሁ አትንኩ፤ ላብ ምልክት ይተዋል። ንጹሕ ጨርቅ ያዙ።

አንድ ማሰሮ ለመወልወል ግማሽ ቀን ቢፈጅ አይግረማችሁ። ዛሬ ለዚህ ሸክላ የሚከፈለው ገንዘብ ለምን ከፍ እንደሚል የሚጠይቅ ሰው አንዴ ጠጠር ይዞ ቢቀመጥ መልሱን ያገኛል።

የመጀመሪያው እሳት

ነፋስ የሌለበትን ጠዋት ምረጡ። የሰፈራችሁን ደንብ ጠይቁ። በፊኒክስ ዙሪያ፣ በማሪኮፓ ካውንቲ፣ አየሩ ሲበከል እንጨት ማንደድ የሚከለከልባቸው ቀናት አሉ። ቀለም የተቀባ ወይም መድኃኒት የነካው የግንባታ እንጨት ፈጽሞ አታንድዱ፣ ጭሱ መርዝ ነው። ባልዲ ውሃና አሸዋ አጠገባችሁ ይሁን፣ ልጆች ይራቁ።

ዕቃውን መጀመሪያ አሙቁት። ትንሽ እሳት አንድዱና በአንድ እርምጃ ርቀት ዙሪያውን ደርድሩ። እያዞራችሁ፣ በየጊዜው እያስጠጋችሁ ለሁለት ሰዓት ያህል ቆዩ። በመጨረሻ በባዶ እጅ የማይነካ መሆን አለበት። በጭቃው ውስጥ የቀረች ውሃ በ100 ዲግሪ እንፋሎት ትሆናለች። መውጫ ካጣች ዕቃውን ትሰብረዋለች። በእሳት ውስጥ ጧ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው።

መሬቱም ይድረቅ። እሳት አንድዳችሁ ፍሙን ገለል አድርጉ። በሞቀው መሬት ላይ ድንጋይ ወይም ትላልቅ ገሎች ደርድሩ፣ ዕቃዎቹን በአፋቸው ደፍታችሁ ወይም በጎን አስተኝታችሁ በላያቸው አስቀምጡ። መሬቱን አይንኩ፤ አየር ከሥር ይግባ። እርስ በርሳቸውም አይነካኩ። እንጨቱ ዕቃውን በቀጥታ የሚነካበት ቦታ ጥቁር ጥላ ይጥላል። ያን ካልፈለጋችሁ ዙሪያውን በገል ከልሉ። እኔ በግሌ ትንሽ የእሳት ጥላ ያለበትን ቀይ እወዳለሁ። በሜዳ እሳት መቃጠሉን ይመሰክራል።

ከዚያ ደረቅ ፍልጡን ዙሪያውንና ከላይ እንደ ጎጆ አቁሙት። ማሪኮፓዎች ሜስኪትን ያነዳሉ፤ ጠንካራ እንጨት ነው፣ ፍሙ ይቆያል። እናንተ ያገኛችሁትን ደረቅ ጠንካራ እንጨት ተጠቀሙ። ከታች በጭራሮ አቀጣጥሉ። መጀመሪያ ቀስ ይበል፤ ኋላ ነበልባሉ ሁሉንም ይዋጠው።

ቀዩ ቀይ ሆኖ የሚወጣው አየር ሲያገኝ ነው። አየር ያጣ እሳት የብረቱን ቀለም ወደ ግራጫና ጥቁር ይለውጠዋል። ስለዚህ አመድ አትከምሩበት፣ አታፍኑት። ጭሱ ጠፍቶ ነበልባሉ ንጹሕ ሲሆን በእንጨቱ ክፍተት ተመልከቱ። ዕቃው ራሱ ደብዘዝ ያለ ቀይ ፍም መስሎ ከታየ ወደ 700 ዲግሪ ደርሷል። እንደዚያ እንዳለ ለ20 ደቂቃ ያህል ያዙት። ከዚያ እሳቱ በራሱ ይለቅ። ቶሎ አታውጡት፣ ቀዝቃዛ አየር ሲመታው ይሰነጠቃል። እጅ እስኪችለው ጠብቁ።

በጣት ጥፍር ኳ አድርጉት። ድምፁ ጥርት ካለ በስሏል። የታፈነ ከሆነ ወይ አልበሰለም፣ ወይ የተደበቀ ስንጥቅ አለው። የኤሌክትሪክ ምድጃ የምትጠቀሙ ከሆነ ከ800 ዲግሪ አታሳልፉት። ከዚያ በላይ እየሞቀ ሲሄድ ውልወላው እየደበዘዘ ይሄዳል።

ጥቁሩ

አሁን ወደ ሜስኪት እንመጣለን። ሜስኪት የአሪዞና በረሃ እሾሃማ ዛፍ ነው። ፍሬው ይበላል፣ እንጨቱ ይነዳል፣ ሙጫው ቀለም ይሆናል። አፋር ክልል ያላችሁ የቅርብ ዘመዱን ታውቁታላችሁ፣ መሬቱን የወረረው ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ ነው። የእሱን ቅርፊት መሞከር ከፈለጋችሁ መጀመሪያ በገል ላይ ፈትኑት፣ እሾሁንም ተጠንቀቁ።

ዛፉ የቆሰለበት ቦታ ላይ ጥቁር ሙጫ ይወጣል፤ ቅርፊቱም በዚያ ዙሪያ ይጠቁራል። ያን ቅርፊት ከነሙጫው ልጣችሁ ውሰዱ፣ ግንዱን ዙሪያውን ግን አትላጡ፣ ዛፉ ይሞታል። በማሰሮ ውሃ አድርጋችሁ በዝግታ እሳት ለሰዓታት ቀቅሉት። ቡናማው ውሃ እየጠቆረ ይሄዳል። ቅርፊቱን አጥልላችሁ አውጡና የቀረውን ማር ያህል እስኪወፍር አጠንክሩት። እንዳያርርባችሁ ወደ መጨረሻው አማስሉ።

የሚቀባው ዕቃው ከተቃጠለ በኋላ ነው። ጫፉ የታኘከ ቀጭን እንጨት ብሩሽ ይሆናል። ቀለሙ ሲቀባ ጥቁር አይደለም፤ ቀላ ያለ ቡናማ ነው፣ በቀዩ ላይ በጉልህ አይታይም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይደነግጥና ደጋግሞ ይቀባል። አትድገሙት። ወፍራም ሽፋን በእሳት ይነፋና ይላጣል። በአንድ እጅ ዕቃውን እያዞራችሁ፣ መስመሩን ሳታቋርጡ ሳቡት። የተሳሳተውን ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ማንሳት ይቻላል።

ስለ ጌጡ፣ የእነሱን ሥራ እያያችሁ ቦታ አያያዙን ተማሩ። ጥምዝምዙ የማሰሮውን ሆድ እንዴት እንደሚከተል፣ ቀዩ ባዶ ቦታ እንዴት ራሱ ጌጥ እንደሚሆን አስተውሉ። ስትስሉ ግን የራሳችሁን ሳሉ። የአንዲትን ሠሪ ጌጥ መስመር በመስመር መገልበጥ የእሷን ፊርማ እንደመውሰድ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው እሳት

ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ዕቃው ዳግም ይሞቃል፣ ይህ ግን አጭርና ቀላል እሳት ነው። የሜስኪቱ ሙጫ ከዛፍ የመጣ ነገር ነው። ሲሞቅ ይከስላል፣ ከሰሉም ሸክላው ላይ ይይዛል። ጥቁሩ እሱ ነው። ሙቀቱ ካለፈ ግን ከሰሉ ራሱ ተቃጥሎ ይጠፋል፣ ዕቃውም ባዶ ቀይ ሆኖ ይመለሳል።

ስለዚህ ነበልባል አይንካው። ፍም ዘርጉ፣ ዕቃውን ከላዩ በድንጋይ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ እንደ ሁኔታው በብረት ቆርቆሮ ከልሉት። ከመጀመሪያው እሳት በፊት እንዳደረጋችሁት ቀድማችሁ አሙቁት። ዓይናችሁን ከመስመሩ ላይ አታንሱ። ቡናማው ይጨሳል፣ ይደበዝዛል፣ ከዚያ ይጠቁራል። ሁሉም መስመር እኩል ሲጠቁር በረጅም እንጨት ወይም በመቆንጠጫ ገለል አድርጉት። አንዱ ጎን ከዘገየ አዙሩት። ሲቀዘቅዝ በደረቅ ጨርቅ ጠራርጉ። ከላይ የተረፈው ጥቀርሻ ይለቃል፣ የያዘው ይቀራል።

ከሙሉው ማሰሮ በፊት በተወለወለ ገል ላይ ሞክሩት። ሙጫው ከዛፍ ዛፍ ይለያያል። ስንት ደቂቃ እንደሚበቃው የሚነግራችሁ ያ ገል ነው።

ስም፣ ገበያና አያያዝ

ሠርታችሁ የጨረሳችሁት ማሰሮ በማሪኮፓ ዘዴ የተሠራ የእናንተ ማሰሮ ነው። የማሪኮፓ ሸክላ ግን አይደለም። ከታቹ የራሳችሁን ስም ጻፉ። ከማኅበረሰቡ ያልሆነ ሰው የሠራውን ዕቃ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ሥራ ነው ብሎ መሸጥ በ1990 በወጣው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ያስቀጣል፤ ቅጣቱ ገንዘብም እስርም አለበት።

የእነሱን ሥራ መግዛት የምትፈልጉ በተቻለ መጠን ከሠሪዎቹ ከራሳቸው ግዙ። ማን እንደሠራው ጠይቁ፣ ስሙን ከታቹ ፈልጉ። ከ1930ዎቹ በፊት የተሠራው ብዙውን ጊዜ ፊርማ የለውም። ፊኒክስ የምትኖሩ፣ ወይም በዚያ የምታልፉ፣ በ1929 የተከፈተው ኸርድ ሙዚየም አለ። የሂላ ወንዝ ማኅበረሰብ ደግሞ የራሱ የሁሁጋም ቅርስ ማዕከል አለው። ሸክላውን በቅርብ ስታዩ ከጎን በኩል ጎንበስ ብላችሁ እዩት። የመምቻው ዱካና የጠጠሩ መስመር በሰያፍ ብርሃን ይወጣል።

የተወለወለውንና በሜስኪት የተሳለውን ዕቃ በውሃ አትጠቡት፣ ውሃም አትሙሉበት። ብርጭቆ መሰል ሽፋን የለውም። ውሃ ያልበዋል፣ ውልወላው ይደበዝዛል፣ ጥቁሩም ሊለቅ ይችላል። አቧራውን በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ወይም ብሩሽ አንሱ። ስታነሱት በአፉ ወይም በአንገቱ ሳይሆን ከታቹ በሁለት እጅ ያዙት። መደርደሪያ ላይ ስታስቀምጡት ከሥሩ ጨርቅ አንጥፉለት።